ከታች የቀረችው መልእክት

የፓምፕ ጥገና ቤቱ ጸሐፊ ትምህርቷን በልጅነቷ ያቋረጠች ሴት ናት። ኢሜይል መክፈትና መመለስ ያስተማራት እዚያው መካኒክ የነበረው ታናሽ ወንድሟ ነው። ሕጉንም ያወጣው እሱ ነው። ፓምፑ ግቢ ውስጥ እስካለ ድረስ የደንበኛው መልእክት ኢንቦክስ ውስጥ ይቆያል፤ ተጠግኖ ከበር ሲወጣ መልእክቱም ወደ ማህደር ይገባል።

«እታለም፣ ኢንቦክስ ማለት የሥራ ጠረጴዛ ነው፤ ያለቀውን አንሺለት» ይላት ነበር።

መካኒኮቹ ጠዋት ጠዋት በትከሻዋ ላይ አጮልቀው ስክሪኑን እያዩ ሥራ ይከፋፈላሉ። ጠረጴዛው ንጹሕ ስለሆነ የሚረሳ ፓምፕ የለም።

ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ግን አንዲት መልእክት ከታች ቀርታለች። የላውንደሪዋ ሴትዮ ስለ ፓምፓቸው የላኳት ናት። ከሥሯ እሱ ከመታመሙ በፊት የጻፈው አለ፦ «እታለም፣ ይቺን እኔ እጨርሳታለሁ። ማንም እንዳይነካብኝ።» ማንም አልነካበትም። ፓምፑ ጥግ ላይ አቧራ ለበሰ። እሷም ማታ ከመውጣቷ በፊት ያቺን ትከፍትና አንብባ ትዘጋለች። ማህደር የገባ መልእክት እንደማይጠፋ ታውቃለች። ቢሆንም «አለቀ» ለማለት እጇ እምቢ አላት።

አንድ ቀን ሴትዮዋ ራሳቸው መጡ። እጃቸው በሳሙና ተሰነጣጥቋል።

«የኔ ልጅ፣ ፓምፔ አለ ወይስ ሞተ? ሞቶም ከሆነ ንገሪኝና አልቅሼ ይውጣልኝ። በባልዲ ስቀዳ ወገቤ ሊቀነጠስ ነው።»

ጸሐፊዋ ፓምፑ ወዳለበት ጥግ ዞረች። ሽበቱ የሚሉት አሮጌው መካኒክ አንገቱን ደፋ።

«እኔማ በጎኑ እያለፍኩ ነው የከረምኩት» አለ። «ሟች አትንኩ ያለውን ማን ደፍሮ ይነካል?»

«ጋሼ፣ ይንኩት።»

«ከልብሽ ነው?»

«ከልቤ ባይሆንስ? እሳቸው እኮ በባልዲ እየቀዱ ነው።»

ሽበቱ ፓምፑን ፈታው። ፈታውና በእጁ ጠራት። ጠጋ ብላ ስታይ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔት አዲስ ነው፤ ወንድሟ ቀይሮታል። ውስጡንም ጠርጎ፣ አቧራ እንዳይገባ በጨርቅ ሸፍኖት ነበር። የቀረው ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ጎሚኒ ብቻ ነው።

«ለዚህች ነው እንግዲህ ሴትዮዋን ያስቀዳናቸው» አለ ሽበቱ፣ ጨርቁን አጣጥፎ እየሰጣት።

ከምሳ በፊት ፓምፑ በጋሪ ተጭኖ ወጣ። ሴትዮዋ ከኋላው እየገፉ፣ «የጀመረውንም የጨረሰውንም እጁን ይባርከው» አሉ። የጀመረው ማን እንደሆነ አልነገሯቸውም።

ጸሐፊዋ ወንበሯ ላይ ተመለሰች። መልእክቷን ከፈተች፤ «ማንም እንዳይነካብኝ» የሚለውን አንድ ጊዜ አነበበች። ከዚያ ወደ ማህደር ላከቻት። ከታች የነበረው ቦታ ባዶ ሆኖ የሚቀር መስሏት ነበር። አልቀረም፤ ከላዩ የነበረው የሌላ ሰው መልእክት የመጨረሻው ሆነ።

ሽበቱ እጁን እየጠረገ ከኋላዋ ቆመ።

«ቀጣዩ የማን ነው?»

«የወፍጮ ቤቱ» አለች፤ ድምፅዋ ግን መሐል ላይ ተቆረጠ።

ሽበቱ እንዳልሰማ ሆኖ መነጽሩን ፍለጋ ኪሱን መዳበስ ጀመረ። መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነበር።