የጎደለ ቅንፍና ሠላሳ አንድ ንብ አናቢ

ነገሩ የፈጀብኝ አንድ ሙክት፣ የሦስት ሳምንት የእግር መንገድና የደሃና ነጭ ማር ነው። ጥፋቴ ሁለት ቅንፍ አለማስቀመጤ ነው።

ሰቆጣ ውስጥ ማር እነግዳለሁ። ትምህርቴ የገበያ ነው፤ ኮድ መጻፍንም ገዢ ሲጠፋ ሱቄ ቁጭ ብዬ ነው የለመድኩት። መጀመሪያ የያዝኩት ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ነበር። በፓይተን «እንዲህ ከሆነ» ትልና ከሥሩ ገባ አድርገህ የጻፍከው መስመር ሁሉ ለዚያ ቃል ይገዛል። የደረደርኩትን እያየሁ፣ «ዩኒቨርሲቲ የገቡት ምን አደከማቸው?» እል ነበር።

ከዚያ ለንብ አናቢዎቼ የማራቸውን የምርመራ ውጤት በስልክ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም አማረኝ። ለዚህ ጃቫስክሪፕት ይሻላል ሲሉ ሰምቼ በሳምንት ለመድኩት። ቋንቋውን ቀየርኩ እንጂ እጄን አልቀየርኩም። «ማሩ ስኳር ካለበት» አልኩና ከሥሩ ሁለት መስመር ገባ አድርጌ ጻፍኩ፦ ባልዲውን ለይ፤ ለባለቤቱ ንገር። ሌሎች እንዲህ ያለውን በጥምዝ ቅንፍ ሲያቅፉት አይቻለሁ። ጌጥ መስሎኝ ተውኩት።

ቅዳሜ አስነሳሁት። ለሠላሳ አንዱም «ማርዎ ስኳር ተገኝቶበታል» የሚል መልእክት ደረሳቸው። እውነት ስኳር የጨመረው አንድ ሰው ነበር፤ ያልተከራከረኝም እሱ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ሁልጊዜ ነጭ ማር የሚያመጡልኝ ሽማግሌ ከደሃና መጡ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ያነበበችልኝ የልጅ ልጄ ናት። በእሷ አፍ ሌባ አስባልከኝ።»

«አባቴ፣ የተሳሳተው ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑን ማን አስተማረው?»

«እኔ።»

«እንግዲያ ተማሪው ምን አጠፋ?»



ኮዱን ለኮሌጅ የኮምፒውተር መምህርት አሳየኋት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ፓይተን ነው» አለችኝ። «እዚህ ገባ ማድረግ ለዓይን ብቻ ነው። ቅንፍ ከሌለ የመጀመሪያዋ መስመር ብቻ ትታዘዛለች፤ ሁለተኛዋ ለሁሉም ትሄዳለች።»

«እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ የምሠራ?»

«ኧረ ሁላችንም የለመድነውን ይዘን ነው የምንገባ። እርስዎ ግን ሳይሞክሩ ለሕዝብ ላኩት።»

ከአፍ መፍቻዬ ከኽምጥኛ ወደ አማርኛ ስሻገርም ያደረግሁት ይኼንኑ ነበር። ያኔ ሰው ሳቀብኝ እንጂ ማንም ሌባ አልተባለም።

ከሰቆጣ ዙሪያ እስከ ጋዝጊብላ ደጅ ለደጅ ይቅርታ ስል ከረምኩ። ለደሃናው ሽማግሌ አስታራቂ ልኬ ሙክት አረድኩ። እሳቸውም በሉ፣ መረቁኝ፣ ይቅር አሉኝ። ሲነሡ፣ «ቂም የለኝም፤ ማሬን ግን ከእንግዲህ ሰው ይቅመሰው» አሉ።

ቅንፎቹ ገብተዋል። ሠላሳው ተመልሰዋል፣ የስኳሩ ሰውዬ ጭምር። የደሃናው ነጭ ማር ፊት ለፊቴ ካለው ሱቅ ይሸጣል።