የወጬ ኤለማ ሁለት ክምር

ወጬ ኤለማን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ኬንያ፣ ማርሳቢት ከተማ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አጥር ለአጥር ኖረናል፤ ቤታቸው ገብቼ የተቀመጥኩት ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ሽታው አስወጣኝ።

አምስት አህዮች አሏቸው። ጠዋት ቢጫ ጀሪካን ተጭነው ውኃ ያመላልሳሉ፤ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ቆመው ፋንድያቸውን ይጥላሉ። ሌላው የሰፈር ሰው የአህያውን ፋንድያ በአካፋ ዝቆ ገደል ይከተዋል። አባባ ወጬ ይህን ሲያዩ ምራቃቸውን እንትፍ ይላሉ።

"እኛ አገር ይህን የሚደፋ ወንድ ሚስት አያገኝም!"

"እኛ አገር" የሚሉት ከድንበሩ ወዲያ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለውን ሶያማን ነው። ሁላችንም ቡርጂዎች ነን፤ ግን እኔ እዚሁ ኬንያ ተወለድኩ፣ እሳቸው በጉልምስናቸው ተሻግረው መጡ። እዚያ ፋንድያ እንደ እህል ይጠበቃል አሉ። ጣሪያ ይሠራለታል፣ አመድና ገለባ ይነሰነስበታል፣ "እስኪበርድ" ወራት ይቆያል። ትኩሱን ማሳ ላይ መበተን ነውር ነው፤ አህያ የበላችውን የአረም ዘር ሳትፈጨው ነው የምትጥለው፤ ዘሩን የሚገድለው የክምሩ ሙቀት ነው። እዚህ እኛ ጋ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ንፋስ ይወስደዋል፣ የተረፈውን ዝንብ ይወርሰዋል።

መብረዱን የሚለዩት በእጃቸው ነው። በየሳምንቱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ክርን ክምሩ ውስጥ ይሰዱታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። ክንዳቸውን ካላላበው በርዷል ማለት ነው። አንድ ቀን ያንኑ እጅ ለሰላምታ ዘረጉልኝ።

"ኧረ አባባ፣ መጀመሪያ ይታጠቡ!"

"የምትበላው በቆሎ ከምን የበቀለ መስሎህ ነው፣ ቅምጥል?" አሉና ጭብጥ አደረጉኝ። ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ። ምሳ ላይ ኡጋሊውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ ስቆርስ ግን ሽታው አሁንም ጥፍሬ ሥር ነበረ፤ ትቼው ተነሣሁ።

ጉማቶ የእሳቸው ማሳ አዋሳኝ ናት። ባሏ ሞቶባታል፤ ሦስት ልጆቿን የምታበላው ያችኑ ቁራሽ መሬት አርሳ ነው። አምና ዝናብ ሊገባ ሲል እኔ ባለሁበት ወደ እሳቸው መጣች።

"አባባ፣ ከፋንድያዎ ይስጡኝ። በቆሎዬ ከጉልበቴ አላልፍ አለ።"

"ከየትኛው? ሁለት ክምር አለኝ።"

"እኔ ምን አውቄ? ፋንድያ ያው ፋንድያ ነው።"

ሽማግሌው በሳቅ ፈነዱ። "ያው ነው አለች! የኬንያ ልጅ! በይ፣ በስተግራ ካለው ጫኚ።"

ጫነች፣ በተነች፣ ዘራች። የእሳቸው በቆሎ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። የእሷን ማሳ እሾሃማ አረም ዋጠው። ሦስት ጊዜ አረመች፤ እጇ ቆሰለ፤ በመጨረሻ አጭዳ ለፍየል ሰጠችው። የሰፈሩ ሴቶችም አላዘኑላትም።

"ጉማቶ አህያ ዘርታ አህያ አጨደች!"

ዘንድሮ ደመናው ሲከብድ እኔ ጋ መጣች።

"ወንድሜ፣ አንተ ጎረቤታቸው ነህ፤ ጠይቅልኝ። ትኩሱን የሰጡኝ ተሳስተው ከሆነ ዘንድሮም ከእሳቸው እወስዳለሁ፤ ሌላ የትም የለኝ። አውቀው ከሆነ ግን በባዶ መሬት ብዘራ ይሻለኛል።"

"ለምን ብለው አውቀው ይሰጡሻል?"

"መሬቱን ለእኩል ልረስልሽ ብለውኝ እምቢ ብያቸዋለሁ። ከአምናው ዝናብ በፊት ነው። አንድ ዓመት ካጣች ትሰጠኛለች ብለው ይሆናል።"

ለራሴ ሽማግሌ ናቸው፣ ረስተው ይሆናል አልኩት። ግን ሁለቱንም ክምር በየሳምንቱ በክንዳቸው የሚለኩ ሰው እንዴት ይረሳሉ? በሰው ላይ እንዲህ ማሰቤም ራሴን አስጠላኝ።

ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የጭነት ገመድ ይቀጥላሉ። ሰላም ብዬ፣ ስለ ደመናው አውርቼ፣ ስለ አህዮቹ ጠይቄ፣ መግቢያው ጠፋኝ። በኋላ እንዲያው አፈረጥኩት።

"አባባ፣ አምና ለጉማቶ የሰጧት ክምር በርዶ ነበር?"

ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

"እሷ ናት የላከችህ?"

"አዎ። ልጆች አሏት፣ አባባ። ትኩስ መሆኑን ያውቁ ነበር?"

ከዚያ ገመዱን አነሡና ቋጠሮውን በጥርሳቸው ሳብ አደረጉት።

"ይህን አልመልስልህም" አሉኝ።