በላንጋኖ ዳር ሳይፈታ የቀረው ግዝት

ወሬውን የሰማሁት መርፌ በእጄ ይዤ ነው። ከቤታችን ጎን ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ጎረቤታችን ለሳሉ የታዘዘለትን መርፌ ሊወጋ ክሊኒክ መጥቶ፣ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ አልጋው ላይ በሆዱ ተኝቷል። የፈራ ሰው ወሬ ያበዛል። ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣

«ሲስተር፣ ባለቤትሽ ባሕር ውስጥ ሊገባ ነው አሉ» አለኝ።

«የምን ባሕር?»

«ከምጽዋ ወዲያ ያለው። ከፈረንጁ ጋር። የሰመጠ መርከብ ሊያዩ ነው።»

«የሰመጠ መርከብ እንዴት ይታያል?»

«እኔም እሱን ነው ያልኩት! ወላሂ፣ ሰው መርከብ የሚያየው ሳይሰምጥ ነው። እነሱ ግን አየር በቆርቆሮ ተሸክመው ታች ድረስ...»

መርፌው ከወትሮው ጠለቅ ሳይል አልቀረም።

«ያ ረቢ! ኧረ ሲስተር፣ የሚሄደው ባልሽ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ!»

እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ባለቤቴ የመንዝ ሰው ነው። የመንግሥት ሥራ አሰላ ላይ አገናኝቶን፣ አግብተን፣ እዚያው ከጭላሎ ሥር ጎጆ ቀልሰን ነበር። በመንዝ ውሃ በእንስራ ይለካል እንጂ በሰው ቁመት አይለካም። ባሌ ዝናብ ሲያይ እንኳ ከበር መለስ የሚል ሰው ነው። በእርሻው መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ይሠራ ነበርና ስለ ስንዴ ዘር ከሚያጠናው ፈረንጅ ጋር ወዳጅነት ገጠሙ። ለካ የወዳጅነታቸው ሥር ስንዴው ሳይሆን ባሕሩ ኖሯል።

ከሥራ ስመለስ ገበታው ላይ ካርታ ተዘርግቷል። አንዱ ጠርዝ እንዳይጠቀለል ውዳሴ ማርያሜን ጭነውበታል። አንስቼ በቦታው የጨው ዕቃ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዳህላክ ነው» አለ ባለቤቴ፣ ጣቱን ሰማያዊው ላይ አድርጎ። «እዚህ፣ በደሴቶቹ መሐል፣ ባሕሩ እንደ ኩሬ ተከቦ ተኝቷል። ውሃው ለብ ይላል፣ እንደ መስተዋት ይጠራል። በጣሊያን ጊዜ የሰመጡ መርከቦች ከሥሩ ቆመዋል። በካፒቴኑ ክፍል አሁን ዓሣ ይኖርበታል።»

«ዓሣ ለማየት ዝዋይ ምን አነሳት?»

«ዝዋይ ውስጥ መርከብ አልሰመጠም።»

«ተመስገን በላ! ደግሞስ ዋና ትችላለህ?»

ካርታውን ማስተካከል ጀመረ። «ዋና አያስፈልግም። ዋና የማይሰምጥ ሰው ሥራ ነው። እኛ የምንፈልገው መስመጥ ነው። ለመስመጥ ደግሞ ትምህርት የሚያስፈልገው ሰው የለም።»

ያን ጊዜ ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። የገባኝ ነገር ቢኖር ይህ ሰው እንደሚሞትብኝ ነው። ከዘመድ በራቀ አገር፣ ሬሳው እንኳ በማይገኝበት ባሕር።

የቀረኝ መሣሪያ አንድ ነበር፤ ግዝት። ባለቤቴ አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚያውቅ፣ ሬዲዮ ፈትቶ የሚገጥም ሰው ነው፤ የንስሐ አባቱ ከገዘተው ግን ከአጥሩ አይወጣም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባን ጥግ ይዤ፣

«አባቴ፣ ባለቤቴን ይገዝቱልኝ» አልኳቸው።

«ምን አጠፋ ልጄ? ሴት ነው?»

«ሴትስ በተሻለኝ። ባሕር ሊገባ ነው።»

ፊታቸው ተለወጠ፤ ተቆጡ ብዬ ተስፋ አደረግሁ። «የትኛው ባሕር?» አሉ። ነገርኳቸው። ወደ እኔ ጠጋ አሉና፣ «ውሃው ጥሩ ነው?» አሉኝ።

የረሳሁት ነገር ነበር። አባ የዘጌ ሰው ናቸው። ጣና ላይ በታንኳ ተወልደው ባያድጉ እንኳ ከዚያ ብዙም አልራቁም። አሰላ ከመጡ ጀምሮ ያዩት ውሃ ከሰማይ የሚወርደው ብቻ ነበር። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጥተው ካርታውን ገበታዬ ላይ ዘርግተው ያዩ ጀመር። ፈረንጁም ነበር። መርከቦቹ ስንት ክንድ ታች እንዳሉ፣ የሚሳፈሩበት ሳምቡክ የሚሉት ጀልባ ሸራው ስንት እንደሆነ እያስተረጎሙ ጠየቁ። እኔ ሽሮ እያቀረብኩ ዓይናቸውን ብፈልግ አጣሁት።

«አባቴ፣ ጉዞው በዐቢይ ጾም ነው» አልኩ በመጨረሻ። «የባሕሩን ውሃ ቢውጥ ጾሙ አይሻርም?»

አሰቡበት። «እሱ ባሕሩን ቢውጠው ይሻራል» አሉ። «ባሕሩ እሱን ከዋጠው ግን ጾም ሳይሆን ፍታት ነው የሚያስፈልገው።»

ይኸን ሲሉ የእኔን ፊት ሳያዩ አልቀሩም፤ መስቀላቸውን አወጡ። ባለቤቴ ከወንበሩ ተነሣ። አባም፣ «ዋና ሳትችል ባሕር እንዳትገባ ገዝቼሃለሁ። መዋኘትህን ሦስት ሰው በዓይኑ አይቶ የመሰከረልህ ቀን ግዝቱ ይፈታል።»

«ከሦስቱ አንዷ እኔ ነኝ» አልኩ ቶሎ ብዬ። ሁለተኛው ፈረንጁ፣ ሦስተኛው በአጥር ላይ ሆኖ ሲሰማ የነበረው ጎሚስታው ሆኑ። ጎሚስታው ክርስቲያን አይደለሁም ብሎ ሲያመነታ አባ፣ «ምስክርነት ዓይን ነው የሚፈልገው፤ ዓይን አለህ?» አሉት። «አለኝ አባ፣ ሁለት» አለ፤ ተስማማ።

ጉድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሰላ ሰው የሚዋኝበት ውሃ ከየት ይመጣል? ወንዙ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ብርዱ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። ባለቤቴን ግቢያችን ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዱ አስተኙት። አባ መቋሚያቸውን መሬት ላይ እየመቱ፣ «እጅ! እግር! እጅ! እግር! አትቸኩል፣ ወረብ ነው እንጂ ሩጫ አይደለም!» ይላሉ። ባለቤቴ ፈረንጁ የሰጠውን የመስተዋት ጭንብል ፊቱ ላይ አድርጎ ደረቅ አየር ላይ ይዋኛል። ጎረቤት በአጥር ላይ ተደርድሮ ያያል። ጎሚስታው ሥራውን ጥሎ መጥቶ፣ «አቦ፣ ወደ ዶሮዎቹ እየሄድክ ነው፣ መሪ ያዝ!» ይለዋል።

ባለቤቴ ሳይነሣ፣ «አንተ ምስክር ነህ፣ ዝም ብለህ እይ!»

ትንፋሽ መያዝ ደግሞ በበርሜል ውሃ ተለማመደ። እኔ ሰዓቴን ይዤ ከጎኑ ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። «ምነው ፈጠን ብትዪ!» ይለኝ ነበር ብቅ ሲል፤ ጸሎቱን ሳልጨርስ ነበርና ሁልጊዜ የሚወጣው።

ከጥምቀት በኋላ በአንድ ቅዳሜ ከአባ ጋር ሁላችንም በፈረንጁ ላንድሮቨር ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ወረድን። እኔ ጃንጥላ፣ ፎጣና አንድ ጠርሙስ ጠበል ይዣለሁ። ጎሚስታው ለክፉም ለደጉም ብሎ የጭነት መኪና ጎማ ውስጥ የሚገባውን ካላማዳሪ በነፋስ ሞልቶ ጣሪያው ላይ አስሯል። ዳር ላይ ከግራር ሥር ከብት የሚያጠጡ ሰዎችና ከአዲስ አበባ ለሽርሽር የመጣ አንድ ቤተሰብ ነበሩ።

ላንጋኖን ያየ ያውቃል፤ ውሃው እንደ ወተት ሻይ ነው። እጅህን ብታገባ ጣትህን አታይም።

ባለቤቴ ደረቱ ድረስ ገባ። አማተብኩ። አባ ድንጋይ ላይ መቋሚያቸውን ይመቱ ጀመር፤ እሱም ተዘረጋ። እጅ! እግር! ጭንቅላቱ ሄደ፣ ክንዶቹ ሄዱ፣ ውሃው ተንቦጫረቀ።

«ዋኘ! ወላሂ ዋኘ!» አለ ጎሚስታው።

«ጎበዝ!» አለ ፈረንጁ።

ባለቤቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። ውሃው አሁንም ደረቱ ላይ ነው።

«ልጄ፣ አየሽ?» አሉኝ አባ።

«ያየሁት ከአንገቱ በላይ ነው» አልኩ። «እግሩ መሬት ይርገጥ አይርገጥ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።»

«እግሬን አውጥቼ እየዋኘሁ ላሳይሽ እንዴ!» አለ ከውሃው ውስጥ።

«እኔ ያላየሁትን አየሁ አልልም።»

ጎሚስታው ራሱን አከከ። «እውነቷን ነው። እኔም እግሩን አላየሁም። ሰው እየተራመደ እጁን ሊያወናጭፍ ይችላል።»

«አንተ ከሃዲ!»

ባለቤቴ እንደገና ሊሞክር ወደ ጥልቁ ፊቱን አዞረ። በዚሁ ጊዜ ነበር አባ መቋሚያቸውን ያስያዙኝ። «እንዲህ አይደለም፤ ላሳየው» አሉና ካባቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ። ቆብ እንኳ አላወለቁም። ያን ያህል ዓመት የናፈቃቸው ውሃ ተቀበላቸው። ዝም ብለው፣ ሳይንቦጫረቁ፣ እንደ ጀልባ ሄዱ፣ ሄዱ፣ ቆቡ ነጥብ እስኪሆን። ጎሚስታው አፉን ከፍቶ ቀረ። ፈረንጁ ኮፍያውን አነሣ። እኔ ቄሱን ባሕር አስገብቼ ገደልኩ ብዬ በድንግል ማርያም እማጸናለሁ።

«ይኸው! ይኸው! አያችሁ?»

ዞር ስንል ባለቤቴ ነው። ቀድሞ ከነበረበት እጅግ ርቆ፣ ወደ ግራ በኩል ባለች አሸዋማ ምላስ ላይ፣ ውሃ ጉልበቱ ድረስ ሆኖ ቆሟል፤ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ እንደ ሕፃን ይስቃል። በመሐል ያለውን ውሃ እንዴት እንዳለፈው ግን ሦስታችንም ምስክሮች አላየንም።

«ማን አየኝ?» አለ። ሦስታችን እርስ በርስ ስንተያይ ሲያይ ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። አባ ተመልሰው ሲደርሱ እየተንጠባጠቡ፣ «ልጄ፣ በእኔ ኃጢአት ነው» አሉት። ግዝቱን ግን ያለ ምስክር መፍታት አልቻሉም፤ ቃል ቃል ነው።

ሌላ ቅዳሜ እንሄዳለን ተባለ። የ1966 የካቲት ገባ፤ አገር ታመሰ፣ ቤንዚን ተወደደ፣ ፈረንጁም ሳይቆይ ወደ አገሩ ገባ። አባም ካረፉ ቆዩ። ሌሎች ካህናት ፈትተን እንሸኝህ ቢሉት ባለቤቴ አሻፈረኝ አለ። «በይቅርታ አልፈታም። አንዴ ዋኝቻለሁ፤ ደግሜ አልፈተንም። የምፈታው ያኔ ባየኝ ምስክር ነው» ይላል። ጅቡቲ ያለችው ልጃችን ዘንድ በሄድን ጊዜ የልጅ ልጆቹ ባሕሩ ውስጥ ሲንቦጫረቁ እሱ አሸዋው ላይ ጫማውን አስሮ ተቀመጠ። «አያቴ፣ ፈራህ?» ሲሉት ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ምን ልበላቸው?

ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ላንጋኖ ዳር ከግራሩ ሥር የነበራችሁ፣ ከብት ያጠጣችሁም፣ ከአዲስ አበባ መጥታችሁ ምሳ የበላችሁም፣ ያኔ ሕፃን ብትሆኑም ግድ የለም፤ ሁላችንም ቄሱን ስናይ ወደ ግራ የተመለከተ ሰው ከመካከላችሁ ካለ፣ በእግዚአብሔር ይሁንባችሁ፣ ያያችሁትን ንገሩኝ። የረገጠም እንደሆነ አትደብቁኝ። ግን ዋኝቶ ከነበረ ቶሎ በሉ፤ ሰውዬው ጫማውን እንዲያወልቅ እፈልጋለሁ።