ላይኛው ሰፈር ረክቷል

እናቴ ለእንግዳ ጎደለብኝ ብላ አታውቅም። ዱቄት ባለቀበት ሳምንት ከተራራው ከጊች ገብስ ሊሸጥ የወረደ ዘመድ ቢያድርብን እንኳ «ኧረ ምን ጎድሎን!» ትላለች። እኔ ደግሞ በጓሮ በር ሾልኬ ከጎረቤት እበደራለሁ። ይህን ጠባይዋን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜም ኮርቼበታለሁ። ያናደደኝ የከተማ ፕላን ሊሠራ ነው ተብሎ ጠያቂ ቤታችን የመጣች ዕለት ነው።

የምንኖረው ደባርቅ፣ ከአስፋልቱ ሽቅብ በሚወጣው ላይኛው ሰፈር ነው። ቧንቧ እኛ ጋ አልደረሰም። ውኃ የምንቀዳው ታች መንገድ ዳር ካለው ቦኖ ነው፤ እሱም ውኃ በመጣ ቀን። እኔ አስተማሪ ነኝ። ጎሕ ሳይቀድ ጀሪካኔን ይዤ እሰለፋለሁ፤ አዝዬው ዳገቱን እወጣለሁ፤ ከዚያ ልብሴን ቀይሬ ወደ ትምህርት ቤት እሮጣለሁ። አህያ ያለው በአህያ ይጭናል። ባጃጁ እንደሆነ ዳገታችንን ገና ሲያየው ነው የሚመለሰው። አርባ ዓመት ካለፈኝ ወዲህ ቀኝ ትከሻዬ አልነሣ ስላለኝ፣ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ከመሐል ወደ ታች ብቻ ነው። ከኋላ የሚቀመጡት ተማሪዎች ቆመው መገልበጥ ለምደዋል።

ጠያቂዋ የዳባት ሰው ናት፤ ረጋ ያለች፣ ታብሌት በጉያዋ የያዘች ሴት። ከተማው ወደፊት በየት በኩል ይደግ፣ ምንስ ይቅደም የሚለው ከመወሰኑ በፊት የነዋሪውን ሐሳብ እንድትሰበስብ እንደተላከች ነገረችን። እናቴ ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ አስቀመጠቻት። ጠላም ቀረበላት።

«እማማ፣ ከተማችን ከሃያ ዓመት በኋላ ምን ሆና ማየት ይፈልጋሉ?»

«ሃያ ዓመት! እኔ እስከዚያ ልቆይ ኖሯል የኔ ልጅ? ለእናንተ ያሳምርላችሁ እንጂ።»

«የመጠጥ ውኃስ? በአገልግሎቱ ረክተዋል?»

«ተመስገን! ኧረ ምን ጎድሎን!»

«እማዬ!» አልኩ ከተቀመጥኩበት። ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ። እኔ ልመልስ ብል ጠያቂዋ መልሱ ከቤቱ ባለቤት መሆን እንዳለበት በትሕትና ነገረችኝና ታብሌቷን ነካ አደረገች። እንግዳዋን ከሸኘን በኋላ ንዴቴን መያዝ አልቻልኩም።

«ተመስገን ባይዋ አንቺ፣ ተሸካሚዋ እኔ!»

«ታዲያ እንግዳ ፊት ጉድለት ይወራል እንዴ?» አለችና ብርጭቆውን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ለስብሰባ ተጠራን። አዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል። በውኃው ያልረኩት ሰፈሮች ቀይ፣ የረኩት አረንጓዴ ተቀብተዋል። የኛ ሰፈር እንደ ነሐሴ ማሳ ለምልሟል። ለካ ተመስገን ያለችው የኔ እናት ብቻ አይደለችም፤ ሰፈሩ በሙሉ አመስግኖ ኖሯል። የፕላን ባለሙያው በመጀመሪያው ምዕራፍ ቧንቧ የሚዘረጋው ለቀዮቹ እንደሆነ፣ ላይኛው ሰፈር ግን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ እንደሚደርሰው አስረዳ። አሥር ዓመት ያንን ዳገት ስወጣ ታየኝና ተነሣሁ።

«አልረካንም!»

«ራሳችሁ የነገራችሁን ነው እኮ፣ መምህር» አለ ባለሙያው፣ ሳይቆጣ።

«ሰው ቤት ገብታችሁ፣ የሰው ጠላ እየጠጣችሁ ረክታችኋል ወይ ስትሉ ምን እንድንላችሁ ኖሯል? የኛ ሰፈር ሰው ቤቱ ቢቃጠልበትም ለእንግዳ ተመስገን ነው የሚለው።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ጠያቂዋ ከፊት ወንበር ብድግ ብላ፣ «እውነታቸውን ነው፤ ዳባት ያሉት እናቴም ቢጠየቁ ይኸንኑ ነው የሚሉት» አለች። ባለሙያው ካርታውን ትንሽ አየት አደረገ። ከዚያ ላይኛው ሰፈር እንደገና እንዲጠየቅ፣ ጥያቄውም እንዲለወጥ ተስማማ። መልሱ ያው ከሆነ ግን ፕላኑ እንዳለ ይጸድቃል።

ጠያቂዋ እስክትመለስ ድረስ የምናገረውን ሳሰናዳ ሰነበትኩ። ወረፋውን፣ ዳገቱን፣ ቦኖው የሚደርቅበትን ሳምንት፣ ትከሻዬን፣ ሁሉንም በየተራው አስቀመጥኩ። መጣች። ወንበሩ ተጠረገ፤ ጠላው ቀረበ። አሁን ስለ መርካት አልጠየቀችም።

«እማማ፣ ትናንት ውኃ የቀዳው ማን ነው?»

«እሷ ናት» አለች እናቴ፣ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች። «እሷን ጠይቂያት።»

ጠያቂዋ ወደ እኔ ዞረች። «እንዴት ነው መምህር፣ አይከብድዎትም?»

የጠበቅሁት ሰዓት ይኸው ነበር። ግን ሴትዮዋ ቤታችን ተቀምጣ፣ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ በአክብሮት ታየኛለች። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ሆነ።

«ኧረ ተመስገን፤ ለምጄዋለሁ።»

በገዛ አፌ አፈርኩ። ላርመው ስል ግን እናቴ ቀደመችኝ።

«ምኑን ነው የለመድሽው?» አለች። ድምፅዋን እንግዳ ፊት ከፍ አድርጋ ሰምቼ አላውቅም። ወደ ጠያቂዋ ዞረች። «ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ትከሻዋ አይነሣም። እጇ ከራሷ ስለማይደርስ ፀጉሯን የምሠራላት እኔ ነኝ። ሌሊት በተገላበጠች ቁጥር ታቃስታለች፤ የተኛሁ ይመስላታል። እኔም ውኃው ቶሎ እንዳያልቅባት ፊቴን በታጠብኩበት እግሬን እታጠባለሁ። ማታ ማታ ሲጠማኝ ዝም ብዬ አድራለሁ። ይኸውልሽ፤ ጻፊው።»

ጠያቂዋ ጻፈች። እናቴ ሌሊት ማቃሰቴን እንደምትሰማ እጠረጥር ነበር፤ ጥሟን ግን አላውቅም ነበር። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ሰፈራችን ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ተዛውሯል። ቧንቧው ግን ገና አልተዘረጋም፤ እኔም ገና ዳገቱን እወጣለሁ። ማታ ከመተኛቴ በፊት ለእናቴ በብርጭቆ ውኃ እቀዳለሁ። «ኧረ አልጠማኝም» ትላለች። እስክትጨርሰው ድረስ ከአጠገቧ አልሄድም።