ስትሮኬ፣ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌቴና ከመኪና ያወረደኝ ሾፌር

መጀመሪያ የከዳችኝ ግራ እጄ ናት። ከክብረ መንግሥት ወደ ነገሌ በሚወርድ ኢሱዙ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ሙዝ እልጥ ነበር። ሙዙ ወደቀ። አነሣሁት፤ ደግሞ ወደቀ። እንደገና ላነሣው ስል እጄ ራሷ ከጭኔ ላይ ተንሸራታ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተንጠለጠለች። ሕመም የለውም። ልብ በሉልኝ፣ ምንም አያምም። ሰው የሚታለለው በዚህ ነው።

ከዚያ አፌ ወደ አንድ ጎን ሄደ። «ልጄ፣ አንዴ አቁምልኝ» ልል ነበር፤ የወጣው የሰካራም ጉርምርምታ ነው። በር በኩል የተቀመጠችው ሴት «ውይ! ምች መቷቸዋል!» ብላ ጮኸች። ቀጥሎ ባገኘነው መንደር ቆመው ዳማ ከሴ ለምነው አመጡ። አሽተው አሸተቱኝ፤ ፊቴንና አንገቴን ቀቡኝ። በዚህ አልቀየምኩም። እኛ አገር ፊቱ ድንገት ለተጣመመ ሰው የሚደረገው ይኸው ነው፤ ተራው የሌላ ሰው ቢሆን ቅጠሉን ሮጬ የማመጣው እኔ ነኝ። ግን ያ ምች አልነበረም። እኛ ቅጠል ስናሽ ጭንቅላቴ ውስጥ ጊዜ እየነጎደ ነበር።

ሴትዮዋ እዚያው መንደር ቀረች። ሾፌሩና እኔ ብቻ ሆንን። ስሙ ተፈራ ነው። ነገሌ የሚኖር፣ ሚስቱን የማውቃት፣ ልጁ ስትወለድ ቤቱ ገብቼ ገንፎ የበላሁለት ሰው ነው።

አየኝ። ደግሞ አየኝ። መኪናውን አቆመ። ብብቴን ይዞ አወረደኝ። ከግራር ሥር አስቀመጠኝ። ስልኩን አውጥቶ ለአንድ ሰው እንዲህ አለ፦ «ሬሳ አልጭንም። ጣጣውን ማን ሊችል ነው?» ሰማሁት። መኪናው ሄደ።

አጠገቤ ከብት ሲያልፍ ይሰማኛል፤ በግራዬ በኩል ያለውን ግን አላይም። ከብቶቹን የምትነዳው ዳኪ የምትባል የቦረና ሴት ነበረች። «አኮ፣ ነጋ?» አለችኝ። አኮ ማለት በእነሱ አያቴ ማለት ነው፤ ነጋ ደግሞ ሰላም ነው ወይ። ሻሿን ፈትታ ፀሐይ ከለለችልኝ። ወንዶቹን ጠራች። በቃሬዛ ወደ መኪና መንገዱ አውጥተው ሌላ መኪና እስኪገኝ አብረውኝ ቆሙ። ሆስፒታል ስደርስ ቀኑ አልፎ ነበር።

ኋላ ሐዋሳ ወስደው ሲቲ ስካን አነሡኝ። ዶክተሩ እጄን ይዞ ነገረኝ፦ «እማማ፣ ስትሮክ ነው። በቀኝ በኩል ያለ የአንጎል የደም ሥር ተዘግቷል፤ ለዚህ ነው ግራዎ የተያዘው። ደም ግፊትዎ ከፍተኛ ነበር፤ አያውቁም ነበር?» አላውቅም ነበር። «ቶሎ ደርሰው ቢሆን ኖሮ…» ብሎ መድኃኒት ይጽፍልኝ ጀመር። ያንን ያላለቀ ንግግሩን ተሸክሜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እኔ ተቀምጬ የማላውቅ ሴት ነኝ። ደርግ ወድቆ ጦሩ ሲበተን ወታደር ባሌ ባዶ እጁን ቤት ገባ፤ ብዙም አልቆየልኝ። ከዚያ ወዲያ መርፌና ክር፣ ጨሌና ሻሽ ተሸክሜ በሊበን መንደር ለመንደር እየዞርኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት ነው የለቀምኩት። እግሬ ግን አገር ያውቃል። ያ እግር ነው እንግዲህ አልጋ ጫፍ ላይ እንደ ጭራሮ የተቀመጠው።

ፊዚዮቴራፒ የምትሠራልኝ ልጅ አንድ ቀን ከቦታው የማይነቃነቅ የስፖርት ብስክሌት ላይ አውጥታ ግራ እግሬን ከፔዳሉ ጋር አሰረችው። «እማማ፣ ቀኝዎን ብቻ ይግፉ፤ ቀኙ ግራውን ያስተምረዋል» አለችኝ። ገፋሁ፤ ግራው ተጎትቶ ዞረ። ብዙ ጊዜ ሲጎተት ከርሞ አንድ ማለዳ ከውስጡ ትንሽ ነገር ገፋ፤ እንደ ፅንስ መጀመሪያ እርግጫ፣ ነው አይደለም የሚያሰኝ። አለቀስኩ።

ሰፈራችን ብስክሌት የሚያከራይና የሚጠግን ሸምሱ የሚባል የጉራጌ ልጅ አለ። ነገሩን ሲሰማ ከኋላ ሁለት ጎማ በይዶ የማይወድቅ ብስክሌት ሠራልኝ። «እማማ፣ ይቺ ከባጃጅ በምን ታንሳለች? ሸራ ብቻ ነው የቀራት!» እያለ ሳቀብኝ። አስፋልት ላይ ወጣሁ። ባጃጅ በግራዬ መጣ፤ አላየሁትም፤ እሱም አልጠበቀኝም፤ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ለቀጠሮ ስሄድ ዶክተሩ ጣቱን በዓይኔ ፊት እያንቀሳቀሰ ከለካኝ በኋላ «የግራው እይታዎ አልተመለሰም። መኪና ባለበት መንገድ ሁለተኛ እንዳይነዱ። መኪና የማይደርስበት ቦታ ይፈልጉ» አለኝ።

መኪና የማይደርስበት! ይህንንማ ማን እንደ እኔ ያውቃል። ከከተማው ዳር አስፋልቱን ለቃችሁ ወደ ሊበን ሜዳ የሚወርደውን የከብት መንገድ ይዛችሁ ስትሄዱ፣ ብዙ ትውልድ የከብት ኮቴ የደለደለው ቀይ አፈር እንደ ተለቀለቀ መደብ ለስላሳ ነው፤ ኩይሳው በግራና በቀኝ ስለቆመና ሸለቆው ስለሚያጠብበው ኢሱዙ ቀርቶ ባጃጅም አይደፍረው። ጠዋት ከብቱ ወደ ውሃ ሲወርድ አቧራው አያስተነፍስምና ካለፈ በኋላ ውጡ፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ አፈሩ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ስለሚለጠፍ እስኪጠነክር ታገሡ። ቆቅ ከሣሩ ብር ሲል፣ ሩቅ የላም ቃጭል ሲሰማ፣ ማንም ጥሩንባ የማይነፋበት ዝምታ ውስጥ ስነዳ፣ መጀመሪያ እስከ ቅርቡ መንደር፣ ኋላ እስከሚቀጥለው፣ ጨሌዬን ከኋላ ጭኜ የጥንት ደንበኞቼን እያገኘሁ፣ ቀስ በቀስ ወደ ራሴ ተመለስኩ።

የፊዚዮቴራፒዋ ልጅ «በምን ኃይል ነው እንዲህ የበረቱት?» ስትለኝ «በጸሎት» አልኳት። እውነቱ ግን ቀኝ እግሬን ስገፋ ተፈራ፣ ግራዬን ስገፋ ተፈራ እያልኩ ነበር የምነዳው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የንስሐ አባቴ «በቀል የእግዚአብሔር ነው» አሉኝ። እሺ አልኳቸው፤ ሽማግሌ ግን ሰበሰብኩ።

ተፈራ በሽማግሌዎቹ ፊት «እሳቸው ናቸው ልረፍ ብለው የወረዱት» አለ። ዓይኑን እንኳ አላሸም። እኛ ዘንድ በደለኛ በደሉን በራሱ አፍ ሳይናገር እርቅ የለም። ሽማግሌዎቹ ግራ ሲገባቸው «ለማንኛውም ጊደር ይስጥዎትና ነገሩ ይብረድ» አሉኝ። «ጊደር አልፈልግም። አንድ ቀን በብስክሌት በከብት መንገድ ይከተለኝ» አልኩ። ሳቁ። እሱም ሳቀ። «ይሄማ ሽርሽር ነው!» አለ።

ሸምሱ ብስክሌት ሰጠውና ወጣን። እኔ ፊት፣ እሱ ኋላ። መሪ ጨብጦ የኖረ ሰው እግሩ አያውቅም፤ ገና ሜዳው ሳይጀምር ትንፋሹ እንደ ወናፍ ይሰማኛል።

«እማማ፣ ኧረ ቀስ ይበሉ!»

«ልጄ፣ ሬሳ እንዴት ይቀድምሃል?»

በስልክ ያለውን መስማቴን ያን ጊዜ ነው ያወቀው። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ዞሬ አላየሁትም፤ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ሲነሣ ሰማሁ። የግራር እሾህ ጎማውን ሲያስተነፍሰው ሰማሁ። የእኔ ጎማ ውስጡ አሮጌ ላስቲክ ስለተደረበበት እሾህ አይፈራም። ለሱ እንዲደረብለት ሸምሱን አልነገርኩትም።

እነ ዳኪ መንደር ስንደርስ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ብስክሌቱን እየገፋ ነበር። ውሃ ለመነ።

«አኮ፣ ይሄ ማነው?» አለች ዳኪ።

«ራሱ ይንገርሽ» አልኩ።

መሬት መሬት እያየ «ከግራሩ ሥር ያወረድኳቸው እኔ ነኝ» አለ። «ሬሳ አልጭንም ብዬ።»

ዳኪ ገብታ በቅል ወተት ይዛ ወጣችና ሰጠችው። ተናደድኩ። «ለሱ?» አልኳት።

«እንግዳ ነው፣ አኮ። እንግዳ ይጠጣል። ጸብዎን ከጠጣ በኋላ ይቀጥሉ።»

ጠጣ። ቀጠልኩ። ብስክሌቴን አዞርኩ።

«እማማ፣ ጎማዬ ተንፍሷል እኮ! ጥለውኝ ሊሄዱ ነው?»

«የከብቱን ኮቴ ተከተል። ውሃ ጠጥተሃል፣ ሰው አለ፣ እግርም አለህ። ለእኔ ከነዚህ አንዱንም አልተውክልኝም» አልኩትና ነዳሁ። ያን ቀን ግራ እግሬ ቀኙን ሲያግዘው በደንብ ተሰማኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ ከተማ ገባ። በሳምንቱ በሽማግሌ ፊት ያንኑ ቃል በአፉ ተናገረ። «ይቅር በሉት» ሲሉኝ ይቅር አልኩ። አፌ ብሏል፤ ሆዴ ገና መንገድ ላይ ነው። ዶክተሩን «ቂም ግፊት ይጨምራል ወይ?» ብዬ ጠይቄው ነበር፤ «ይጨምራል» አለኝ። ሲለካኝ ግን ወርዷል። መድኃኒቱ ነው አለ። ይሁን፤ አልተከራከርኩትም።

ዳኪን እግዚአብሔር ዕድሜዋን ያርዝምላት፤ ከብቷን ያብዛላት። ያንን ዶክተር፣ ያችን የፊዚዮቴራፒ ልጅ፣ ሸምሱን እጃቸው ይባረክ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ግፊታችሁን ተለኩ፤ ሳያማችሁ ተለኩ። መድኃኒቱን ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ። የአንድ ሰው ፊት ከተጣመመ፣ እጁ ከወደቀ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ቅጠሉን ተዉትና ሆስፒታል አድርሱት፤ የሚጫን ነገር ቢጠፋ በበር ሳንቃም ቢሆን። ተኝታችሁ ያላችሁ ደግሞ፣ ሐኪማችሁ ከፈቀደላችሁ፣ መኪና የማይደርስበት ጸጥ ያለ መንገድ ፈልጉና ያችን የከዳችሁን እግር በቀስታ አስተምሯት፤ ትማራለች።

አስታማሚዎችም በአልጋው ራስጌ ስትቆሙ አፋችሁን ጠብቁ። በሽተኛው ዝም ያለው ስለማይሰማ አይደለም። ቃላችሁን እየያዘላችሁ ነው።