የሁዲንጌን ቀበሮ ማን አበላው?

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ቤንግት እጄ ላይ ያስቀመጠው መርዝ ወይም ወጥመድ ሳይሆን እርሳስ ነበር። «እርሳሱ የሚያልፍበት ቀዳዳ አይጥም ታልፍበታለች። ሂድና ቀዳዳ ፈልግ» ብሎ ሶደርማልም ሰፈር ወዳለ አንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ሰደደኝ። እስከ ምሳ ሰዓት በእንብርክኬ ስሄድ ቆይቼ አሥራ አንድ ቀዳዳ ቆጠርኩ። ቤንግት መጥቶ አሥራ ሁለተኛውን አሳየኝ፤ የቆምኩበት በር ሥር ነበር።

አዲስ አበባ ሳለሁ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ስቶክሆልም የተባይ ባለሙያ ሆንኩ። ያገሬ ልጆች «ድመቱ መጣ» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ ኩሽናቸው ውስጥ ኮሽ ሲል ግን መጀመሪያ የሚደውሉት ለእኔ ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ፣ እችልበታለሁም። ይህን ለመናገር አላፍርም።

እንደዚያም ሆኖ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ አንዲት ሴት ቤታቸውን ሊያጡ የደረሱት በእኔ ምክንያት ነው።

ከስቶክሆልም ወጣ ብላ ባለችው ሁዲንጌ ውስጥ ጫካ ጥግ ያለ አንድ የኪራይ ሰፈር ነበር። እዚያ አንድ ቀበሮ በጠራራ ፀሐይ ልጆች እስከሚጫወቱበት አሸዋ ድረስ መምጣት ጀመረ። ቀበሮ ከተማ መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም። ሰው እያየው ካልሸሸ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያበላው ሰው አለ። ያን ሰው ፈልጎ ምግቡን ማስቆም የእኔ ሥራ ነው።

የሰፈሩ ቫክትሜስታሬ፣ የሕንፃዎቹን ጥገና የሚይዘው ሰውዬ፣ ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ ጠቆመኝ። «ጉኒላ ናት። ሁሉም ያውቃል።»

ጉኒላ ሰባውን ያለፉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። በስዊድንኛ ሁሉም «አንቺ» ይላቸዋል፤ እኔ በልቤ አንቱ እላቸው ነበር። በረንዳቸው ላይ የወፍ እህልና በመረብ የተቋጠረ ሞራ ተንጠልጥሏል።

«ለወፎች ነው። ቀበሮ አላበላም» አሉኝ።

ሞራውን አየሁ፣ ሰዓቴን አየሁ፣ ጻፍኩ፦ «ምክንያቱ የቤት ቁጥር አራት ነዋሪ ናቸው።» የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

በሪፖርቴ መሠረት የቤቶቹ ድርጅት ማስጠንቀቂያ ጻፈላቸው። ቀደም ሲል በወፎቹ ጉዳይ ሌላ ደርሷቸው ኖሯል። ሦስተኛ ከመጣ የኪራይ ውላቸው ይቋረጣል። እዚህ ከተማ ለዓመታት የቤት ወረፋ የጠበቀ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም።

ጉኒላ የወፎቹን ምግብ አነሱ። ቀበሮው ግን መምጣቱን አልተወም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቫክትሜስታሬው ደወለ፦ «ተደብቃ ታበላዋለች። ሰኞ ሦስተኛው ደብዳቤ ይወጣል፤ አንተ ብቻ አረጋግጥልን።»

ዓርብ ጠዋት ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ማንንም ሳላናግር መሬት መሬቱን እያየሁ ሕንፃውን ዞርኩ። ቀበሮ የተረፈውን ሥጋ አፈር አልብሶ ያስቀምጣል። ከብስክሌት ማቆሚያው ጀርባ፣ ጥድ ሥር፣ አዲስ የተጫረ አፈር አገኘሁ። በጓንቴ ገለጥ ሳደርገው ረጅም፣ ጠቆር ያለ ደረቅ ሥጋ ወጣ፤ ጫፉ ላይ ነጭ ክር ታስሯል። ስዊድናዊ ባልደረቦቼ ቢያዩት የውሻ ማኘኪያ ይሉት ነበር። እኔ አሸተትኩት። በርበሬ። ቋንጣ ነው! እውነቱን ለመናገር ምራቄን ዋጥኩ።

ቀና ስል በሕንፃው ሌላኛው ጫፍ፣ ዝቅ ባለ በረንዳ ላይ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ተወጥሮ ሥጋ ተሰቅሏል። በሩን የከፈቱልኝ ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ ለትምህርት መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ የእርሻ ባለሙያ ናቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን እንተዋወቃለን። ከፋሲካው ቅርጫ የተረፋቸውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑረው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያወጡ ይሰቅላሉ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ቋንጣዎ እየጎደለ አላዩም?»

«እንዴት አላይ! ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንድ ያገራችን ልጅ ገብቷል፤ እሱ መስሎኝ ነበር። ሥጋ አምሮት ወሰደ ተብሎ ሰው ይጠየቃል እንዴ? ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ።»

«ልጁን በከንቱ ጠርጥረውታል። ቀበሮ ነው።»

ሳቁ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ስሜን ልትጽፈው ነው?»

«እጽፈዋለሁ።»

«ተው እንጂ ልጄ! አሁኑኑ አወርደዋለሁ። ባገር ልጅ ላይ እንዲህ ይደረጋል?»

ከበደኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ግን ለእሳቸው የሚደርሳቸው የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው፤ ለጉኒላ የመጨረሻው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«በእኔ ቋንጣ ሴትዮዋ ሜዳ ላይ ልትወድቅ?» አሉ። «ጻፍ በቃ!» ወንበር ላይ ወጥተው ገመዱን መፍታት ጀመሩ።

ቤንግት የማረሚያ ሪፖርቱን አንብቦ በረጅሙ ተነፈሰ። «አንዴ የላክነውን አርመን አናውቅም። ደንበኛው ምን ይለናል?»

«ተሳስታችኋል ይለናል። እውነቱን ነው።»

«አንተ ጥፋተኛ ብለህ የጻፍከው ግን ራስህን ብቻ ነው።»

«ሳያጣራ የጻፈው እኔ ነኛ።»

ፈረመ። ሰኞ ሊወጣ የነበረው ደብዳቤ ቀረ፤ በእኔ ሰበብ የተጻፈውም ተሰረዘ። ቀበሮው የሚበላ ሲያጣ በሳምንቱ ከሰፈሩ ጠፋ።

ማክሰኞ ጉኒላ ዘንድ ሄድኩ። ሰንሰለቱን ሳያወልቁ በሩን ከፈት አደረጉ። ሁሉንም ነገርኳቸውና ይቅርታ ጠየቅሁ።

«ዕቃዬን ማሸግ ጀምሬ ነበር» አሉኝ። በክፍተቱ የተደረደሩ ካርቶኖች ይታዩኛል። «አላበላም ብዬህ ነበር። ለምን አላመንከኝም?»

«ሌላ ሰው ቀድሞ ስለነገረኝ» አልኩ። አፈርኩ።

ራሳቸውን ነቅንቀው በሩን በቀስታ ዘጉት። ግባ አላሉኝም፤ አልፈረድኩባቸውም።

ወደ ሥራው ለሚገቡ የምለው ይህን ነው፦ ጎረቤት የጠቆመው በር ማስረጃ አይደለም። መጀመሪያ መሬቱን ተመልከቱ።