ለአባቷ ጉሮሮ የተቀመመው

በዶሚኒካኗ የትምባሆ ከተማ በታምቦሪል ትምባሆ ጠቅልሎ የማያውቅ እጅ ማግኘት ይከብዳል። ፕሊኒዮም አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጋር የሚባለውን ወፍራም ትምባሆ በእጃቸው ሲጠቀልሉ፣ ከጠቀለሉትም ለራሳቸው ሲለኩሱ ኖረዋል። ልጃቸው ያኒሪስ ግን ቬፕ የሚሉትን፣ ጣዕም ያለው ፈሳሽ በባትሪ እየተነነ የሚሳብበትን ሲጋራ የምትሸጥበት ሱቅ ከፈተች። ሰፈርተኛው «የፕሊኒዮ ልጅ ጭስ በጠርሙስ ትሸጣለች» እያለ ሲስቅባት ከረመ፤ ቆይቶ ከሳቁት ግማሾቹ ደንበኞቿ ሆኑ።

ባለፈው ጥር ሐኪሙ የፕሊኒዮ ምላስ ላይ ነጭ ነገር አየ። «ሳንባዎ የወጣት ሳንባ ነው። ምላስዎ ግን አላማረኝም፤ ትምባሆውን ያቁሙ» አላቸው። ያኒሪስ ከክፍሉ የወጣችው ደንግጣ ነበር። ደጅ ስትደርስ ግን ልቧ ተመለሰ፤ ሰው ትምባሆ ማስተው የእሷ ሙያ አይደል? ስለ ቬፑ ሐኪሙን አልጠየቀችውም። ስለ ገዛ ሙያዋ ሌላ ሰው መጠየቅ ምን ሊረባ!

ያዘጋጀችላቸው የመጀመሪያ የቬፕ ፈሳሽ ቫኒላ ነበር።

«ባርከኝ፣ አባዬ» ብላ ገባች።

«እግዜር ይባርክሽ» አሉና ሳቡት። አፋቸው ውስጥ አንከባለው ለቀቁት። «ይሄማ የልደት ኬክ ነው።»

ቡናና ለውዝ ቀላቅላ አመጣች፤ ቀጥሎ የትምባሆ ጣዕም ከጥቂት ማር ጋር። ፕሊኒዮ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጣዕሙ ደህና ነው፣ ልጄ። ግን አይዝም። ምንም አይነካኝም።»

አይዝም ያሉትን ስትሰማ እንደ ማንኛውም ቬፕ ሻጭ ጉሮሮን አሰበች። ጭሱን የሚያለሰልሰውን ወፍራም ግሊሰሪን ቀንሳ ጉሮሮ የሚቆነጥጠውን ቀጭኑን ፈሳሽ አበዛች፤ ኒኮቲኑንም እጥፍ አደረገችው። «አባዬ፣ አፍህ ውስጥ አታስቀረው። ወደ ታች ሳበው፣ እንደ አየር።»

ትምባሆ ጠቅላይ ጭስ ወደ ሳንባው አይውጥም። አፉ ውስጥ ያጣጥማል፣ ትንሽ በአፍንጫው ያሳልፋል፣ ይለቃል። የሚውጥ ጀማሪ ከተገኘ የፋብሪካው መሳቂያ ነው። ያኒሪስ ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ አባቷን ላድን ስትል ግን ከአእምሮዋ ጠፋ።

መጀመሪያ ቀን ፕሊኒዮ እንባቸው እስኪመጣ ሳሉ። «ገደልሽኝ እኮ፣ አንቺ ልጅ!» በሳምንቱ ሳላቸው ቀነሰ። በሦስተኛው ሳምንት ደረታቸውን መታ መታ አድርገው «አሁን ያዘኝ» አሉ። ያኒሪስ ሱቋ ገብታ በደስታ አለቀሰች።

ሁለት ወር ትምባሆ ሳይነኩ ቆዩ። ከዚያ ጣዕሙ ሰለቻቸው። ማሩ በዛ፣ ማሩ አነሰ፣ ይሄ ሣር ይሸታል፣ ይሄ ሳሙና ነው። ያኒሪስ በየጊዜው ለወጠች። አሥራ አንደኛውን ጠርሙስ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ አራት ሳምንት አቆየችው፤ ቅይጡ እንዲዋሃድ በየጠዋቱ እየነቀነቀች። ቀስ በቀስ ቡናማ ሆነ። ስትቀምሰው የትምባሆ ቅጠል ማድረቂያው ጎጆ ሽታ አፏን ሞላው። ሱቋን ዘግታ ሮጠች።

ፕሊኒዮ የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ፌርሚን ግቢ፣ ማንጎው ሥር ዶሚኖ ይጫወቱ ነበር። ጣታቸው መሃል ወፍራም ትምባሆ ይጨሳል።

«አባዬ!»

«አንዷን ብቻ ነው፣ ልጄ። ፌርሚን ቬፑን «ጡጦህ» እያለ ሲስቅብኝ ዋለ።»

«ታዲያ አልስቅ? ሰባ ዓመት ሞልቶት ጡጦ ይጠባል!» አሉ ፌርሚን።

ፕሊኒዮ ትምባሆውን ሳቡ። ያኒሪስ ጉንጫቸው እስኪነፋ፣ ጭሱ እስኪለቀቅ ጠበቀች። ጉንጫቸው አልተነፋም። ጭስም አልወጣም።

«እንዴ፣ የት አደረስከው?» አሉ ፌርሚን።

ፕሊኒዮ ቆይተው በአፍና በአፍንጫቸው ቀጭን ጭስ ለቀቁና ሳቁ። «ወደ ታች ነዋ! ልጄ ናት ያስተማረችኝ። አርባ ሦስት ዓመት በከንቱ ስተፋው ኖሬያለሁ።»

«አባዬ፣ በማርያም! ይሄ እኮ አይዋጥም! አንተ ራስህ ትል አልነበር?»

«ሳልውጠውማ አሁን አይዘኝም።»

ያኒሪስ ጣዕም ሲጎድል ምን እንደምትጨምር፣ ጉሮሮ ሲከብድ ምን እንደምትቀንስ ታውቃለች። ላስተማረችው ግን ማርከሻ የላትም። ጠርሙሱን ዘረጋችላቸው።

«እዚያ አስቀምጪው፣ በኋላ እቀምሰዋለሁ» አሉና ደግመው ሳቡ። ደረታቸው ቀስ ብሎ ተነፋ።